በቆሎው ይቅደም፣ ዳጉሳው ለሐምሌ ይቆይ

ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር እህል ተራ ብትሄዱ በቆሎ ገዝቶ ጆንያውን ባጃጅ ላይ የሚጭን ገበሬ አታጡም። ነጋዴ አይደለም። ኅዳር ላይ እዚያው ገበያ በቆሎ ሲሸጥ የነበረ ሰው ነው። የጣና ዳር የክረምት ችግር ዋናው ይሄ ነው፣ በርካሽ ሸጦ በውድ መግዛት። ውሃው አጠገቡ አለ፣ መሬቱም ክፉ አይባልም፣ እህሉ ግን በሚያስፈልግበት ወር ቤት ውስጥ የለም። የተወሰነው ተሽጧል፣ የተወሰነውን ነቀዝ በልቶታል፣ የቀረው በጥር ሰርግ አልቋል።

ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል። እኔ የምጽፈው እህሉ ከአውድማ ከተነሳ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ክረምቱን ስለሚደግፉት የጓሮና የሐይቅ ነገሮች። አብዛኛው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሒሳብ፣ ሸራና ትንሽ ጭካኔ ይበቃል።

ሦስቱ ኩንታል

ከሒሳቡ እንጀምር። ሴፍቲኔት በሚባለው የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ላይ ለአንድ ሰው በወር የሚታሰበው 15 ኪሎ እህል ነው። አያንደላቅቅም፣ ግን ቤት ያቆማል። አምስት ሰው ያለበት ቤት በዚህ ስሌት በወር 75 ኪሎ፣ በዓመት 9 ኩንታል ይፈልጋል። ከዚህ ውስጥ ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት አራት ወራት ብቻቸውን 3 ኩንታል ይወስዳሉ። ጳጉሜን ተዉት፤ እሱን ጎረቤት ትበላላችሁ።

እንግዲህ እነዚህን ሦስት ኩንታሎች "የኔ አይደሉም" ብላችሁ ቁረጡ። ለማዳበሪያ ዕዳ አይሸጡም፣ ለዘመድ አይበደሩም፣ ለማኅበር ጠላ አይወጡም። ዕዳው ካስጨነቃችሁ ዶሮ ሽጡ፣ ሽንኩርት ሽጡ፣ ጌሾ ሽጡ። እህል መሸጥ የግድ ከሆነም መጀመሪያ ሦስቱ ይቀመጡ፣ ከተረፈው ይሸጥ። ቁጥሩን በየቤታችሁ ሰው ልክ ቀይሩት፤ ስድስት ከሆናችሁ 3 ኩንታል ከ60 ነው፣ አራት ከሆናችሁ 2 ኩንታል ከ40።

ድግሱን ለብቻ ጻፉት። ጥር ላይ ሰርግ ካለ፣ ተስካር ካለ፣ ማኅበሩ የናንተ ተራ ከሆነ፣ እሱ ከዘጠኙ ኩንታል ውጭ ነው። ብዙ ቤት ሒሳቡ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፣ ድግሱን ከቀለቡ ጋር ስለሚቀላቅለው።

አንድ ነገር ደግሞ። ባልና ሚስት ተቀምጠው ካልተስማሙበት ይሄ ሁሉ ዋጋ የለውም። ጎታውን የምትከፍተው እሷ ናት፣ ገበያ የሚጭነው እሱ ነው፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ከተንቀሳቀሱ እህሉ ፋሲካንም አያይ።

ምን ቀድሞ ይበላ?

ሁሉም እህል እኩል አይቆይም። ጤፍና ዳጉሳን ነቀዝ አይደፍራቸውም። ፍሬያቸው ከማነሱ የተነሳ ነቀዙ እንቁላል የሚጥልበትና ልጁ የሚያድግበት ቦታ አያገኝም። ዳጉሳማ በደንብ ከደረቀ ዓመታት ይቀመጣል። በቆሎ ግን ጠላቱን ይዞ ነው ቤት የሚገባው። ገና ማሳ ላይ ቆሞ እያለ ነቀዙ ይገባበታል፤ እናንተ ንጹሕ ነው ብላችሁ ስታስገቡት እንቁላሉ ውስጡ አለ። ሽምብራና ባቄላም የየራሳቸው ነቀዝ አላቸው።

ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ በቆሎው ይበላ። ዳጉሳው ይቆይ። ጤፍ ያላችሁም ከጤፉ ላይ ለክረምት አስቀምጡ። ብዙ ቤት የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ ዳጉሳው ቶሎ ጠላና አረቄ ይሆናል፣ በቆሎው ጎተራ ውስጥ ይቀራል፣ ሰኔ ላይ ሲከፈት ግን ፍሬው ተበስቶ ዱቄቱ እጅ ላይ ይቀራል። አረቄ አውጥታችሁ የምትሸጡ ከሆነ አልቃወምም፣ እሱም እንጀራ ነው። ከሦስቱ ኩንታል ላይ ግን አይሁን።

ፎገራና ሊቦ ከምከም ያላችሁ፣ ሩዙን ከነቅርፊቱ አስቀምጡ። ቅርፊቱ ጋሻው ነው። ከተፈለፈለ በኋላ ግን ነቀዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ስለዚህ ለአንድ ወር የሚበቃችሁን ያህል ብቻ አስፈልፍሉ። ወረታ ድረስ መመላለሱ ያሰለቻል፣ ይገባኛል፣ ለሁለት ለሦስት ቤት አንድ ላይ መጫን ይቻላል።

ዘርም ከዚሁ ጋር ይነሳል። የዳጉሳ፣ የሽምብራና የጎመን ዘር ከራሳችሁ ምርት ምረጡና ለብቻ አስቀምጡ። እንደ ቢኤች 540 እና ቢኤች 660 ያለውን ድቃላ በቆሎ ግን ከበላችሁት ላይ መልሳችሁ አትዝሩ። በሁለተኛው ዓመት ቁመቱም ፍሬውም ይዘበራረቃል፣ ምርቱም ይወርዳል።

"እኛ አናርስም" ለምትሉ

ዘጌ ያለ ሰው ይሄ ሁሉ እሱን የማይመለከት ሊመስለው ይችላል። ዘጌ አይታረስም። ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የወረደ ሥርዓት ነው፣ ሞፈርና ቀንበር የለም፣ ደኑ እስከ ዛሬ የቆመውም በዚሁ ነው። ኑሮው ቡናና ጌሾ ነው፤ እህል የሚመጣው ከገበያ ነው።

እንዲህ ላለ ቤት ግን ሦስቱ ኩንታል የበለጠ ያስፈልጋሉ። ደግነቱ የቡናው ገንዘብ እጅ የሚገባው እህል በሚረክስበት ሰሞን ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ቡና ስትሸጡ፣ ቆርቆሮና ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት፣ የክረምቱን እህል ግዙና ዝጉበት። ሙሉውን ቡና ደግሞ ባንድ ጊዜ አትሽጡ። በደንብ የደረቀ ጀንፈል፣ ማለት ከነገለፈቱ ያለ ቡና፣ ይቆያል፤ ለግንቦት የሚሆን ትንሽ ይቅር።

ደቅና ሌሎቹ ደሴቶች ላይ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለባችሁ፣ ጀልባ። ደቅ ይታረሳል፣ እህሉም አለ፣ ግን የጎደለውን ለመሙላት ሐይቁን መሻገር ነው። ክረምት ላይ ማዕበሉ ሲነሳ ጉዞ ይስተጓጎላል፤ የጀልባው ኪራይ ደግሞ በኩንታሉ ዋጋ ላይ ይደመራል። ከመንደሩ አሥር ቤት አንድ ላይ ሆኖ ጥር ላይ አንድ ጊዜ መጫን በየቤቱ እየተንጠባጠቡ ሐምሌ ላይ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል። እቁባችሁን ለዚህ አድርጉት። ዕጣው ብር ከሚሆን እህል ይሁን።

ከነጋዴ የተገዛ እህል ደርቋል ብላችሁ አትመኑ። በቀጥታ ወደ ከረጢት አይገባም፤ መጀመሪያ የሚከተለውን ፈተና ይለፍ።

ማድረቁ፣ ጨውና ጠርሙስ

የሐይቅ ዳር አየር እርጥብ ነው። ኅዳር ላይ ጠዋት ጠዋት ጤዛው እስኪለቅ ብዙ ይቆያል፣ ማታ ደግሞ ቶሎ ይወርዳል። በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ በቆሎ ከላይ ፀሐይ ያገኛል፣ ከታች እርጥበት ይጠጣል። ስለዚህ ሸራ። ሌላ ነገር ለመግዛት ገንዘብ ባይኖር እንኳን ሸራው ይገዛ። እህሉን በስሱ ዘርጉት፣ በቀን ውስጥ ቶሎ ቶሎ አገላብጡት፣ አመሻሽ ላይ ጤዛው ሳይወርድ ሰብስባችሁ ሸፍኑት። ዶሮና ፍየል ያራግፉበታል፣ ልጅ ይጠብቀው።

መድረቁን በጥርስ ሰብሮ ማየት የቆየ ልማድ ነው፣ ቅር አይለኝም፣ ግን ጥርስ ይዋሻል። በጨው ፈትኑት። ንጹሕና ፍጹም ደረቅ የሆነ የብርጭቆ ጠርሙስ ፈልጉ፤ የማር ወይም የማርማላታ ባለ ክዳን ዕቃ ጥሩ ነው። ጨው በምጣድ ላይ ወይም በፀሐይ አድርቁና ቀዝቅዞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምሩበት። ከበቆሎው ከተለያየ ቦታ ዘግናችሁ፣ ከላዩም ከታቹም፣ ዕቃው ከሲሶው ትንሽ ከፍ እስኪል ሙሉት። ክደኑት። አንድ ሁለት ደቂቃ በደንብ ነቅንቁት። ከዚያ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት።

አሁን ጎኑን እዩ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ተለጥፎ ከቀረ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ይመለስ ወደ ሸራው። ጨው ሳይለጠፍ ሁሉም ወደ ታች ከወረደ እርጥበቱ ከመቶ 15 በታች ወርዷል ማለት ነው። አየር በማያስገባ ከረጢት ለማስቀመጥ ግን ወደ 13 ቢወርድ ነው የሚሻለው፤ ስለዚህ ፈተናውን ካለፈ በኋላም አንድ ሁለት ቀን ጥሩ ፀሐይ ይጨመርለት። ያልደረቀ እህል ታሽጎ ሲቀመጥ ይሻግታል። ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ደግሞ በማብሰልም በመጋገርም አይጠፋም፣ ጉበት ይጎዳል። የሻገተውን ለዶሮ ወይም ለላም መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ በእንቁላሉና በወተቱ ይመለስባችኋል።

ከረጢቱ

ነጋዴውም ባለሙያውም "ፒክስ" የሚለው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት አለ። ሁለቱ የውስጦቹ ወፍራም ላስቲክ ናቸው፣ የውጭው የተለመደው የማዳበሪያ ጆንያ ነው። አንዱ 100 ኪሎ ይይዛል። ምሥጢሩ አየር ነው። ነቀዙ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርሳል፣ ከዚያ መብላት ያቆማል፣ ይሞታል። መድኃኒት የለበትም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ቸኩሎ የሚሠራው ሰው ነው የሚያበላሸው። መጀመሪያ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ ንፉባቸውና አፋቸውን ጨብጣችሁ ጫኑ። አየር "ሽሽ" ብሎ የሚወጣበት ቀዳዳ ካለ ያ ላስቲክ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንዱን ላስቲክ ሌላው ውስጥ፣ ሁለቱንም ማዳበሪያው ውስጥ ክተቱ። እህሉን እየጨመራችሁ በየመሃሉ በእጅ ጠቅጠቅ አድርጉት፣ በተለይ ማዕዘኖቹ ላይ አየር እንዳይደበቅ። በጣም አትሙሉት፤ ለማሰሪያ ከሁለት ስንዝር የማያንስ አፍ መተው አለበት። የውስጠኛውን ላስቲክ አፍ ጠምዝዙ፣ እጠፉት፣ በገመድ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ማዳበሪያውንም እንዲሁ። ሦስት ቋጠሮ። አንዱን ብቻ አስረው "ይበቃል" የሚሉ አሉ፣ አይበቃም።

ከዚያ አትክፈቱት። "እስኪ ልየው" ብሎ በየሳምንቱ የሚከፍት ሰው ለነቀዙ አየር እየሰጠው ነው። የሚበላውን በሌላ ዕቃ፣ የሚቆየውን በከረጢት። ከረጢቱን ከግድግዳ አርቃችሁ እንጨት ላይ አኑሩት፣ አይጥ ግድግዳ ታክኮ ነው የሚሄደው። የፈሰሰ ፍሬ ዙሪያውን አይኑር። ድመት ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ከረጢቱ ካልተቀደደ ሁለት ሦስት ዓመት ያገለግላል፤ በየዓመቱ ግን ያ የመንፋት ፈተና ይደገም። ለዘርና ለትንሽ መጠን የዘይት ጀሪካንም ይሠራል። ባለ 20 ሊትሩ ወደ 15 ኪሎ ገደማ በቆሎ ይይዛል። ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ እስከ አፉ ጢም ብሎ ይሞላ፤ ክዳኑ ሥር ላስቲክ አድርጋችሁ አጥብቁት። የኬሚካል የነበረ ጀሪካን ግን በምንም ተአምር አይሆንም።

ጭቃና እበት የተለሰነው ጎተራም ቦታውን አላጣም። ለዳጉሳና ለጤፍ ከበቂ በላይ ነው። በቆሎና ሽምብራ ናቸው ከረጢት የሚፈልጉት። ሁሉንም በከረጢት እናድርግ ካላችሁ ወጪው ያስደነግጣችሁና ጭራሽ ትተዉታላችሁ። ለአንድ ቤት ሁለት ሦስት ከረጢት ይበቃል።

ስለ ኪኒኑ

ፎስቶክሲን እየተባለ ገበያ ላይ በየፍሬው የሚሸጠውን ኪኒን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነቀዝ ይገድላል፣ እውነት ነው። ሰውም ይገድላል። ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይለቃል፣ ያ ጋዝ ደግሞ እህሉ ውስጥ ታጥሮ አይቀመጥም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ልጆች በሚተኙበት፣ ጆንያ ውስጥ ኪኒን ከትቶ ማደር በራስ ላይ መፍረድ ነው። ይሄ ምርት በሠለጠነ ባለሙያ፣ ሰው በማያድርበት መጋዘን ውስጥ የሚሠራበት ነው። እንደ ነጭ ሽንኩርት በፍሬ ተገዝቶ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ የተረፈ ካለ ደግሞ መኖሩ ራሱ አደጋ ነው፣ ምክንያቱን ሳልዘረዝር ትረዱኛላችሁ። የቀበሌ ግብርና ባለሙያውን ጥሩና ያስወግደው።

ጓሮው

ሦስቱ ኩንታል ሆድ ይሞላሉ። ልጅ ግን በቆሎና ዳጉሳ ብቻ በልቶ አያድግም። "ጎመን በጤና" የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ክረምት ላይ የምትበሉት ጎመን ሥራው የሚጀምረው ሚያዝያ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር መሆናችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል፤ ዝናብ ሳትጠብቁ በባልዲ እያጠጣችሁ ችግኝ ታፈላላችሁ፣ ግንቦት መጨረሻ ታዛውራላችሁ፣ ሐምሌ ላይ ከታች ከታች ያለውን ቅጠል እየቀነጠባችሁ ትበላላችሁ። መሃሉን አትንኩት፣ እሱ ነው የሚያድገው። ጥቁሩ አፈር ውሃ ስለሚይዝ መደቡን ከፍ አድርጉት፣ ዙሪያውን ቦይ አውጡ። ጎርፍ የሚገባባችሁ ሰፈሮች አፈርና ኮምፖስት የተሞላ ጆንያ ላይ መትከል ትችላላችሁ፤ ከላዩም ከጎኑም ቀድዳችሁ ችግኝ ይገባበታል።

ስኳር ድንችን ብዙ ሰው ይንቀዋል። አትናቁት። በተለይ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ለልጅ ዓይን የሚሆን ቫይታሚን ኤ ሞልቶበታል፣ መካከለኛ አንድ ፍሬ ለሕፃን የቀን ፍላጎቱን ይሸፍናል። ሐረጉን የካቲት ላይ በባልዲ ውሃ ከተከላችሁት ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርሳል፣ ልክ እህሉ በሚያልቅበት። ባንድ ቀን ቆፍሮ መጨረስም አያስፈልግም፤ ውሃ የማይተኛበት መሬት ከሆነ የሚበላውን ያህል እየፈለፈሉ ሌላውን አፈር ውስጥ መተው ነው።

እምቦጩን ወደ ብስባሽ

እምቦጭ የሚባለው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣና ላይ አለ። ደንቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ያለ ገበሬ በደቦ እየወጣ ሲያርመው ኖሯል። የታረመውን ዳር ላይ ከምሮ መሄድ ግን ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል። ወደ ብስባሽ ለውጡት፣ ግን እንደ ማንኛውም ሣር አትዩት።

አበባ ያወጣውን ለዚህ አትጠቀሙ። ወይን ጠጅ አበባው ከታየ ዘር እየመጣ ነው፣ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። አድርቃችሁ አቃጥሉት። አበባ ያላወጣውን ሥሩን ቁረጡለት፤ ከውሃው ውስጥ ያለውን መጥፎ ማዕድን ይዞ የሚቆየው በይበልጥ ሥሩ ነው። ቅጠሉና ግንዱ ከመቶ 90 በላይ ውሃ ስለሆነ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ላይ አጠውልጉት፣ ካልሆነ ክምሩ ይሸታል እንጂ አይበሰብስም። ከዚያ በገጀራ ከትፉት።

ቦታው የክረምቱ ውሃ ከማይደርስበት ከፍ ያለ መሬት ይሁን። ከታች የበቆሎ አገዳ ደርድሩ፣ አየር እንዲገባ። በላዩ ገለባ፣ እምቦጭ፣ ፍግ፣ ትንሽ አመድ፣ ስስ አፈር፤ እንደገና ከገለባው ጀምሮ፣ ቁመቱ ደረት እስኪደርስ። መሃሉ ላይ ረዥም ዘንግ ሰክታችሁ በሣር ሸፍኑት። ከሳምንት በኋላ ዘንጉን ንቀሉና በመዳፋችሁ ጨብጡት። እጅ የሚያስለቅቅ ትኩስ ከሆነና ርጥበት ካለው ሥራው እየሄደ ነው፣ ያ ሙቀት ነው የተረፈ ዘር ካለ የሚገድለው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ርጩበት። ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ ገለባ ጨምሩ፣ ገልብጡት። በየሦስት ሳምንቱ የውጩን ወደ ውስጥ እያደረጋችሁ አገላብጡ። ጥር ላይ ከጀመራችሁ ሚያዝያ ላይ ለጎመኑ መደብ ይደርሳል።

እምቦጭ ወደሌለበት ቦታ ግን አንድ ቅጠልም አትውሰዱ። ደሴት ላይ ያላችሁ ፍግና ቅጠል ይበቃችኋል።

ሐይቁ ሲጎድል ባሕር ሸሹን የምታርሱም አንድ ነገር ስሙኝ፤ ደንገሉን እያጨዳችሁ ማሳ አትግፉ። ደለሉን የሚያስቀረው እሱ ነው፣ ዓሣው የሚጠለለው እዚያ ነው። የሽንኩርት መድኃኒት ስትበጠብጡና መርጫውን ስታጥቡ ከውሃው ራቁ። ከዚያው ውሃ ነው የምትጠጡት።

ጓያ

ጓያ ባይወራ ይሻል ነበር፣ ግን ሩዝ ከተነሳ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚዘራ፣ ድርቅ የማይበግረው እህል እሱ ነው። ርካሽም ነው። ችግሩ ሲበዛ እግር ይሰብራል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደንቢያ ላይ ብዙ ሰው ለዘለቄታው ሽባ ሆኗል፣ መድኃኒትም የለውም። የሚጎዳው ቀምሶ ያለፈ ሰው አይደለም፤ ሌላ እህል ጠፍቶ ሁለት ሦስት ወር በዋናነት ጓያ የበላ ነው። የሚበዛው ደግሞ ጉልበት ያለው ወጣት ላይ ነው።

መሬቱ ከፈቀደላችሁ በቦታው ሽምብራ ዝሩ። ጓያ ካለም ሌሊቱን በብዙ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉ፣ ቀቅላችሁ ያንንም ውሃ ድፉ። ለሽሮ ሲሆን ከሽምብራና ከአተር ጋር ቀላቅሉት፣ የእህሉ ሲሶ እንዳይደርስ። ቂጣና እሸቱ እየጣፈጠ የሚዘነጋበት ጊዜ አለና ልጆቹን እዩ።

ዓሣው

ጣና ዳር ተቀምጦ ዓሣ ለከተማ ምግብ ቤት ብቻ የሚያስረክብ ቤት ያስገርመኛል። ቀረሶውና አምባዛው ይሸጥ፣ ገንዘብ ነው። ትንሽ ግን ለቤት ይድረቅ። ጊዜው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ነው፣ ክረምት ላይ አይደርቅም፣ ይሸታል እንጂ።

በተያዘበት ቀን ሆድ ዕቃውን አውጡ፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ በጀርባው ሰንጥቃችሁ ክፈቱት። ወፍራሙን ሥጋ በቢላ ሸንተር ሸንተር አድርጉበት። ጨው እሹት፣ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ወይም በተዘረጋ መረብ ላይ ስጡት፣ ላዩን በወንፊት ጨርቅ ሸፍኑት። ዝንብ ካረፈበት ትል ነው። ማታ ማታ አስገቡት። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፤ ከተለመጠ ይመለስ። የደረሰውን ከምድጃው በላይ ጭስ በሚያገኝበት ስቀሉት፣ ጭሱ ተባይ ያርቃል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ፤ እኔ እዚያ አልገባም።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ነጩ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣል። በነዚያ ወራት ወንዙ አፍ ላይ መረብ አትዘርጉ፣ ዘርግቶ ከሚያመጣም አትግዙ። በእንቁላል የተሞላች አንዲት ዓሣ ስትያዝ የሚቀረው የሚቀጥሉት ዓመታት ዓሣ ነው፣ ያውም በዚያ ሰሞን ዝናቡ ስለማያስደርቃት ለቤት የምታስቀምጡት አይሆንላችሁም። የአሞራ ክንፍ በምትባለው ቀጭን የላስቲክ መረብም እንዲሁ፤ ትንሹንም ትልቁንም ጠራርጋ ነው የምታወጣው፣ ተቀድዳ ውሃ ውስጥ ስትቀርም ማጥመዷን አትተውም።